እትዬ ድገሙት እና አራት መቶ አሥራ ሰባተኛው ብልቃጥ

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ኀዘናችንን ለመካፈል ከየቤታችሁ ወጥታችሁ እዚህ ስለቆማችሁልን ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ይህን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ የሟች ታናሽ ወንድም ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «አንቺ» ስላቸው ኖሬ ዛሬ ወረቀቱ «እሳቸው» እንድል ስለሚያስገድደኝ፣ ምላሴ ቢደናቀፍ ከንባብ ድክመት አትቁጠሩብኝ፤ ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና። ቀኖቹንና ቁጥሮቹን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው በሁለት ገጽ ከጻፉልኝ በኋላ «አንተ ማረም ልማድህ ነው፤ ይቺን ግን እንዳትነካት። ዝለለው ቢሉህም እንዳትዘል» ብለው በእጄ አስይዘውኛል። ትናንት ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ስለ ሕፃናቱ የሚናገረው ክፍል ለዛሬ ይቆይ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የሐሳቡን አቅራቢዎች አከብራለሁ፣ ክፍሉን ግን አነበዋለሁ።

እህቴ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ በፖስታ ቤት ደብዳቤ በየአድራሻው ይለዩ ከነበሩት አባታችንና በቤት ውስጥ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታችን ተወለዱ። እኔ ከስምንት ዓመት በኋላ ስመጣ፣ እናታችን ከስፌት መኪናቸው መነሳት የማይችሉ ስለነበሩ፣ ሞግዚቴም ጠባቂዬም ዳኛዬም ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ታጥቤ ለምሳ ስቀርብ መዳፌን ገልብጠው ያዩና «ድገመው» ይሉኛል፤ ደግሜ ስመጣ በጥፍሬ ሥር ፈልገው ሌላ ነገር ያገኛሉ። ከስሜ ቀጥሎ ለይቼ የሰማሁት ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም። ምሳው የሚቀዘቅዘው ሁልጊዜ በእሳቸው ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ እናታችን የሚቆጡት ግን እኔን ነበር።

በትምህርታቸው ብርቱ እንደነበሩ መናገር በእንዲህ ያለ ቀን የተለመደ ስለሆነ እሱን ለምስክር ወረቀቶቻቸው እተወዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ የሳይንስ መምህራቸው፣ መብራቱ የተበላሸና በመስኮት ብርሃን ብቻ የሚሠራ አንድ ማይክሮስኮፕ አምጥተው፣ ከአበባ ማስቀመጫ የተቀዳ የውሃ ጠብታ ለተማሪው ሁሉ በሰልፍ አሳዩ። እህቴ አዩና ከሰልፉ ኋላ ሄደው ቆሙ፤ እንደገና አዩና እንደገና ሄደው ቆሙ፤ በሦስተኛው ዙር ደወል ተደውሎ ያላዩ ልጆች ሲቀሩ ጩኸት ሆነ። መምህሩ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቋቸው «መጀመሪያ ያየሁት እውነት መሆኑን» አሉ ይባላል። ልጆቹ አንድ ሳምንት አኮረፏቸው።

ከኮሌጅ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው በሆስፒታላችን ከተቀጠሩ በኋላ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያህል ከአንዲት ክፍል ሳይወጡ ኖሩ ማለት ይቻላል። ክፍሏ በምድር ቤት በመተላለፊያው መጨረሻ ያለች፣ መስኮቷ ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚያይ፣ ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ ሲፈላ የተረሳ ሾርባ የመሰለ ሽታ የሚሸትባት ናት፤ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ደርሶ የምግብ ፍላጎቱ የተረፈለት ሰው አላውቅም። ዋና ሥራቸው የደም ካልቸር የሚባለው ምርመራ ነበር፤ ትኩሳት ከያዘው ሰው ደም ተቀድቶ በሁለት ጠርሙስ ይገባል፣ ጠርሙሶቹ በሙቀት ይቀመጣሉ፣ በደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ በአንድ በሁለት ቀን ይበቅላል፣ ከዚያ ምን ዓይነት እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ተለይቶ ለሐኪሙ ይነገራል። በሁለቱም ጠርሙስ ከበቀለ ሕመሙ እውነት ነው፤ በአንዱ ብቻ ከበቀለ ግን ከቆዳ ወይም ከአካባቢው የገባ ብክለት ሊሆን ስለሚችል ናሙናው እንደገና ይወሰዳል። በዚህ ሥርዓት የጸኑ ስለነበሩና የተጠራጠሩትን ሁሉ ሳያስደግሙ ስለማያሳልፉ፣ ሠራተኛው «እትዬ ድገሙት» የሚል ስም አወጣላቸው። ሲሰሙት ይቆጣሉ ተብሎ ሲፈራ፣ ማን እንዳወጣው ብቻ ጠየቁና ያንን ሰው የጠዋቱን ሥራ አስደገሙት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከደም የበቀለውን ባክቴሪያ ሁሉ፣ ብክለት የተባለውን ጭምር፣ ከትንሽ ጣት የምታንስ ብልቃጥ ውስጥ ጨምረው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በጥቁር ደብተር መዝግበው በጥልቅ ማቀዝቀዣ ያስቀምጣሉ። ሰዎች የጀርም ጎተራ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እኔም ከቀላጆቹ አንዱ ነበርኩ፣ የማትሸጪውን ምን ያከማችሻል እላቸው ነበር። ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ ማቀዝቀዣ ምክንያት ነው፤ ሰውየው የሆስፒታሉ የጄኔሬተር ባለሙያ ነበሩና መብራት በጠፋ ቁጥር ስልክ ይደወልላቸዋል፣ «ማቀዝቀዣዬን ሊያልበው ነው፣ ፍጠኑ» ይባላሉ። አንድ ቀን መብራት ሳይጠፋ ተደወለላቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ዛሬ መድኃኒት ቀማሚ የሆነችውና አጠገቤ የቆመችው እሷ ናት።

አሁን ትናንት የተከራከርንበት ክፍል ላይ ደርሻለሁ።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ባለቤቴ ከቀኗ ሦስት ሳምንት የቀደመች ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ ልጃችን ነበረች። ለጥንቃቄ ተብሎ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል እንድትቆይ ተደረገ፤ በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛትና ደም ተቀዳላት። የቀዱት፣ ሁላችን ሲስተር ብቻ እያልን የምንጠራቸው የክፍሉ ነርስ ነበሩ። በማግስቱ ባክቴሪያው ከሁለቱ ጠርሙሶች በአንዱ በቀለ፤ እህቴም ሲያዩት ወዲያው ለዩት፣ ምክንያቱም ባክቴሪያው ለእሳቸው እንደ ጎረቤት የታወቀ ነበርና። በላቦራቶሪው ውስጥ ውሃ እያፈላ የሚያጣራ መሣሪያና የተጣራው ውሃ የሚጠራቀምበት ባለ ቧንቧ ነጭ በርሜል አለ፤ በዚያ በርሜል ውስጥ ይኸው የውሃ ባክቴሪያ በየጊዜው እየተገኘ፣ በክሎሪን እየታጠበ፣ ጥቂት ወር ጠፍቶ እንደገና ይመጣ ነበር። ስለዚህ እህቴ ከውሃው ወደ ጠርሙሱ የገባ ነው ብለው አመኑ። በውጤቱ ወረቀት ላይም «ብክለት ሳይሆን አይቀርም፤ ናሙናው ይደገም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ባክቴሪያውንም እንደ ልማዳቸው በብልቃጥ አስቀመጡ፤ የብልቃጡ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ የጀመረላትን መድኃኒት ሳይለውጥ ድጋሚውን ናሙና ጠበቀ። ልጃችን ግን አልጠበቀችም፤ በስድስተኛው ቀን ከምሳ በፊት ሞተች። ስም ገና አላወጣንላትም ነበር፣ በካርዷ ላይ የተጻፈው የእናቷ ስም ነው። ለድጋሚው ምርመራ የተዘጋጁት ሁለት ጠርሙሶች ባዶአቸውን በአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጠው አየኋቸው፤ እስካሁንም አያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ናሙናው ለምን ተበከለ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ጥያቄው ሲወርድ ሲወርድ ደሙን የቀዱት ሲስተር ላይ አረፈ። ቆዳውን በደንብ ሳያጸዱ ነው የወጉት ተባለ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸውና ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተነሥተው ካርድ ክፍል ተመደቡ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን ያቀፉበት እጅ ፋይል እንዲያወጣና እንዲመልስ ተደረገ። እኔም የበኩሌን አደረግኩ። መተላለፊያው ላይ አገኘኋቸውና ሰው ሁሉ እየሰማ «በዚህ እጅሽ ነው ልጄን የነካሽው? እጅሽ ይቆረጥ!» አልኳቸው። ፋይሎቹን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ግድግዳውን ተጠግተው አሳለፉኝ።

ሰባት ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ላቦራቶሪው የባክቴሪያን ጂኖም፣ ማለትም የዘረመሉን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያነብ መሣሪያ አገኘ። እህቴ በዚያ ዕድሜያቸው ከልጃቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው ኮምፒውተሩን ተማሩ። ለእኔ ሲያስረዱኝ በሙያዬ ገቡልኝ፦ «ባክቴሪያ ማለት በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ነው በለው። ሲራባ መጽሐፉን ይገለብጣል፣ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይሳሳታል። አንተ ሁለት መጽሐፍ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት አንድ ቦታ ላይ ብታገኝ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አንዱ ከሌላው ተገልብጧል፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ ቅጂ መጥተዋል እላለሁ አልኳቸው። «አየህ፣ አንተም ባክቴሪያ ታውቃለህ» አሉኝ። በዚያ ቀን ብዙ ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ አብረን ለመሳቅ ዓመታት እንደሚፈጅብን አላወቅንም ነበር።

መሣሪያው ሥራ በጀመረ በአራተኛው ወር፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጨቅላዎች በተከታታይ ትኩሳት ያዛቸው። የአምስቱም ደም በሁለቱም ጠርሙስ በቀለ፣ የበቀለውም ያ የውሃ ባክቴሪያ ነበር። ሁለቱ ሞቱ። ሦስቱ በሞትና በሕይወት መካከል ሳሉ እህቴ የአምስቱንም ጂኖም አስነበቡ፤ ሰባት ሚሊዮን ገደማ ከሚሆነው ፊደል ውስጥ በመካከላቸው የተገኘው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሆነ። አምስቱም ሕፃናት ከአንድ ምንጭ ነው የታመሙት ማለት ነው። ክፍሉ ታጠበ፣ አልጋዎቹ ተቀየሩ፣ የሠራተኛው እጅ ሁሉ ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም፤ ስድስተኛ ሕፃንም ታመመ። እናቶች በክፍሉ በር ላይ ቆመው በገባና በወጣ ሰው ፊት ላይ ወሬ ይፈልጉ ነበር። እህቴ በዚያ ሳምንት የላቦራቶሪውን በርሜል ውሃ ለማስነበብ ወሰኑ። ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ፣ የሚያውቁት ፊት ሌላ ቦታ ሲያዩ ቤቱን ሄዶ ማየት ስለሚገባ ነው አሉ።

የበርሜሉ ባክቴሪያና የሕፃናቱ ባክቴሪያ አንድ መጽሐፍ ሆነ።

ውጤቱ በኮምፒውተሩ ላይ የወጣው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። በክፍሉ የነበሩት ሰዎች እንደሚመሰክሩት እህቴ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ይሄ ውሃ ከዚህ ክፍል ሌላ የት ይሄዳል?» ዕቃ የሚያጥቡት ሴትዮ ከመታጠቢያው ዘወር ብለው «ለጨቅላዎቹ ክፍል ነዋ! ጠዋት ጠዋት አንድ ጀሪካን አደርስ የለ እንዴ? የጥጡን መድኃኒት ሊበርዙበት» አሉ። ማን እንደፈቀደ ሲጠየቁ «እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ የፈረሙልኝ» ብለው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩ። የሕፃናት ክፍሉ የውሃ ማጣሪያ በተበላሸ ጊዜ የተጻፈ ነበር። «ለጊዜው ይፈቀዳል» ይላል፤ ሥሩ ላይ የእህቴ ፊርማ አለ። ያ «ለጊዜው» ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።

እህቴ በሕይወታቸው ሮጠው አያውቁም፤ የሚሮጥ ሰው ዕቃ ይሰብራል ባይ ነበሩ። በዚያ ጠዋት ግን ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ሦስት ፎቅ ደረጃ በሩጫ ወጡ። የሕፃናቱን እትብትና የመርፌ መግቢያ ቦታ ለማጽዳት በየአልጋው ሥር የተቀመጠውን ማጽጃ፣ በተጣራ ውሃ የተበረዘውን ሁሉ፣ በገዛ እጃቸው ሰበሰቡ። አንዲት ነርስ አንዱን ሕፃን ልታጸዳ ጥጡን ነክራ ይዛ ነበር፤ ከእጇ ነጠቋት። ባለቤታቸው ተጠርተው የበርሜሉን ቧንቧ በመፍቻ ሲፈቱት፣ ክሎሪን ደርሶበት የማያውቀው የቧንቧው ጉሮሮ ውስጡ በሚያዳልጥ ዝቃጭ ተለብጦ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ባክቴሪያ የታመመ አዲስ ሕፃን የለም፣ ታመው ከነበሩት አራቱም ድነው ወጡ። ከአራቱ አንዷ ዛሬ ከእናቷ ጋር እዚህ መካከላችን ቆማለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ሁላችን ደረታችንን ነፍተን በተናገርን ነበር፤ ለእህቴ ግን ገና መጀመሩ ነው። ጥቁሩን ደብተር አወጡና ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባትን ፈለጉ። ያቺን ብልቃጥ ማንም አልጠየቃቸውም፤ መኖሯን ከእሳቸው በቀር የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። በእርግጥም ብክለት ከነበረ፣ የሞተችው የወንድማቸው ልጅ በሌላ ነገር ሞታለች፣ እሳቸውም ምንም ጥፋት የለባቸውም። ነገር ግን በበርሜሉ ያለው ውሃ በዚያ ጊዜም በጀሪካን ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ከባለቤታቸው እንደሰማሁት በእነዚያ ቀናት እህል አልቀመሱም፣ ሲያናግሯቸውም ቁጥር ይመልሱ ነበር። የብልቃጧን በረዶ አቀለጡ፣ ባክቴሪያውን ቀሰቀሱት፣ አስነበቡት፤ ከአምስቱ ሕፃናት የተለየው በአሥራ አንድ ፊደል ብቻ ነበር፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ሊለወጥ የሚችለውን ያህል። ደገሙት። እንደገና ደገሙት። ሕይወታቸውን ሙሉ የሚደግሙት እውነቱን ለማግኘት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን፣ ራሳቸው በነገሩኝ ቃል፣ «ውሸት በሆነ እያልኩ ነው የደገምኩት»። ሦስቱም አንድ ሆነ።

እዚያም አላቆሙም። በደብተሩ ውስጥ ብክለት ተብሎ የተጻፈበትን የዚያን ባክቴሪያ ብልቃጥ ሁሉ፣ ሠላሳ አንዱንም አውጥተው አስነበቡ። ከመካከላቸው ከበርሜሉ ጋር አንድ የሆኑት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፣ ዘጠኙም ከጨቅላ ሕፃናት ደም የመጡ፤ የላቦራቶሪው ውሃ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ቢሆን ኖሮ ከትልልቅ ሰዎች ደም በመጡትም በተገኘ ነበር፤ ከዘጠኙም አምስቱ ሞተዋል። ይህን ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «ውሃው ተዘግቷል፣ ሕፃናቱ ድነዋል፤ አሁን ያለፈውን ብንቆፍር ማን ይጠቀማል?» አሏቸው። እህቴም «ሲስተር ትጠቀማለች» አሉ። «ንጹሕ አላደረገችም ብለን ነው ከክፍሏ ያባረርናት። እሷ እኮ ልክ እንዳስተማርናት ነው ያጸዳችው። ያጸዳችበትን የሰጠናት እኛ ነን፣ ፊርማው የኔ ነው» አሉ። በሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሽ ተሰብስቦ ሳለ ቆመው ዘጠኙንም ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበቡ፤ አራት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ሲደርሱ ውሃ ቀረበላቸው። ብርጭቆውን አይተው ሳይጠጡ መለሱትና ቀጠሉ። ሲስተር በደብዳቤ ይቅርታ ተጠይቀው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው።

ከአዳራሹ አስቀድመው ግን ወደ እኔ መጥተው ነበር። በማተሚያ ቤቱ ጠረጴዛዬ ላይ የማርመው ወረቀት ተዘርግቶ ሳለ ሳይቀመጡ ሁሉንም ነገሩኝ፤ አላለቀሱም፣ አላሳጠሩም፣ በማንም አላሳበቡም። «በወቅቱ መድኃኒቱ ተለውጦ ቢሆን ትድን ነበር ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ላትድንም ትችል ነበር። ግን ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ» አሉኝ። እኔ «ውጪልኝ» አልኳቸው። ባለቤቴ፣ ልጇን የቀበረችው እናት፣ በሳምንቱ ቤታቸው ሄዳ ተቃቅፈው አልቅሰው ተመለሰች፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የእህቴን ደጅ አልረገጥኩም። በኋላ የተወለደው ልጄ አክስቱን ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶባት ነው እለው ነበር። ስድስት ዓመት ሥራ የሚበዛበት ሰው የለም፣ ልጁም ይህን አልሳተውም።

ባለፈው ዓመት እህቴ በደም ካንሰር መታመማቸው ሲሰማ ወደ ቤቴ የመጡት ሲስተር ናቸው። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። «እኔ ይቅር ካልኳት ስድስት ዓመት ሆነኝ» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ኩርፊያህን ታቅፈህ ትኖራለህ። እኔንስ እጅሽ ይቆረጥ ብለኸኝ የለ? አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቀኸኛል?» በእውነት እላችኋለሁ፣ ያን ቀን እስኪነግሩኝ ድረስ ነገሩን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። እህቴ ስህተታቸውን ባወቁ በሳምንቱ በአዳራሽ ተናግረውታል፤ እኔ የእኔን ስድስት ዓመት ይዤው ስዞር፣ ለካ የተበደልኩት እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል «ተው፣ ሱሪህ ይቆሽሻል» ብለው አነሡኝ። በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ።

የካንሰሩ ሕክምና የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም፣ ባለፈው ወር እህቴን ትኩሳት ያዛቸውና እሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲሠሩት የኖሩት ምርመራ ለራሳቸው ታዘዘ። ደማቸውን የቀዱላቸው ሲስተር ናቸው፣ ሌላ ሰው አይንካኝ ብለው ነበርና። ውጤቱን ሊነግሯቸው የመጡት የገዛ ሠራተኞቻቸው በሩ ላይ ሲያመነቱ «በአንዱ ነው በሁለቱ?» ብለው ጠየቁ። በሁለቱም መብቀሉ ሲነገራቸው «እንግዲህ አይደገምም» አሉና ፈገግ አሉ፣ ሠራተኞቹ ግን መተላለፊያው ላይ ወጥተው አለቀሱ። ጂኖሙ እንዲነበብም አዘዙ። ባክቴሪያው ከማንም እጅና ከማንም ዕቃ ሳይሆን ከራሳቸው አንጀት ወደ ደማቸው የገባ መሆኑ ሲረጋገጥ ወረቀቱን ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። «ማንንም ካርድ ክፍል እንዳትልኩብኝ» አሉ።

በሕመማቸው ወቅት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ልጄ ትምህርት፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ አውርተናል፣ ስለዚያ ነገር ግን አፌ እንቢ ይለኝ ነበር። ከአራት ቀን በፊት ልወጣ ተነሥቼ በሩን ከያዝኩ በኋላ፣ ሰው ደህና ዋይ እንደሚል፣ ፊቴን እንኳ በቅጡ ሳላዞር «እትዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳቸው። ዓይናቸውን እንደከደኑ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ድገመው» አሉኝ። የቀለዱብኝ መሰለኝ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንደገና እጅህን ታጠብ የተባለ ያህል ተሰማኝና «ነገ» ብያቸው ወጣሁ። እህቴ በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን እንደያዟቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እህቴ ያፈቀሯቸውን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ምራታቸውን የእኔን ባለቤት፣ አክስቱን ዘግይቶ ያወቃቸውን ልጄን፣ እህት የሆኗቸውን ሲስተርን፣ «ድገሙት» ሲባሉ ያጉረመርሙ የነበሩና አሁን ለተተኪዎቻቸው ያንኑ የሚሉ የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ በማቀዝቀዣው ውስጥም ከሁለት ሺህ በላይ ብልቃጦችን ትተው አልፈዋል። አንዲት ስም ያልወጣላት የስድስት ቀን ሕፃን ቀድማቸዋለች። ፈጣሪ የሁለቱንም ነፍስ በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው መጽናናትን፣ በዚያ ክፍል ዛሬም ለተኙት ጨቅላዎች ጤናን ይስጥልን።

የሕይወት ታሪካቸው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ከሰጡኝ ሁለት ገጽ አንድም ፊደል አላረምኩም። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ብቻ ነው፣ «እሳቸው» ማለቱንም እዚህ ላይ ተውኩት።

እትዬ፤ ይቅር ብዬሻለሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ። ነፍስሽ በሰላም ትረፍ።